እሳት በጓዝ ውስጥ፦ የተንቀሳቃሽ ምድጃና የትኩስ መጠጥ ታሪክ

ከቤት ርቆ፣ በድንኳን ውስጥ ወይም በአውላላ ሜዳ፣ ሻይና ቡና ለማፍላት የሚያገለግሉት ትንንሽ ምድጃዎች በታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ብዙውን ጊዜ የሚነሡት ከምግብ ማብሰያ ዕቃዎች ጋር ተደርበው ነው። ይሁን እንጂ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተፈለሰፉትን ምድጃዎች፣ የተፈለሰፉበትን ምክንያትና ተጓዦች የተዉአቸውን የዕለት ማስታወሻዎች አቀናጅቶ ለሚመረምር ሰው፣ ምድጃውን ከትውልድ ትውልድ እንዲሻሻል ያስገደደው ከረኃብ ይልቅ ጥም እንደ ነበረ ግልጽ ይሆንለታል። የዋልታ ተጓዥም ሆነ ተራራ ወጪ ብስኩቱንና ደረቅ ሥጋውን ሳያሞቅ ሊበላ ይችላል፤ በበረዶ ተከብቦ ሳለ ግን ያለ እሳት አንዲት ኩባያ ውሃ አያገኝም፤ በረዶውን እየቆረጠመ ጥሙን ልወጣ ቢል ደግሞ የሰውነቱን ሙቀት አሟጥጦ ራሱን ይጎዳል። ስለዚህ የተንቀሳቃሽ ምድጃ ታሪክ በዋነኛነት የመጠጥ ታሪክ ነው፤ ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀናትና ዓመታትም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ነገሩን ለመረዳት አንድ የተፈጥሮ ሕግ ማስታወስ ያስፈልጋል። በዜሮ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ያለ 1 ኪሎ ግራም በረዶ ቀልጦ እዚያው ዜሮ ዲግሪ ላይ ያለ ውሃ እስኪሆን ድረስ የሚወስደው ሙቀት፣ ያንኑ ውሃ ከዜሮ ወደ 80 ዲግሪ ለማድረስ ከሚያስፈልገው ሙቀት ጋር እኩል ስለሆነ፣ ከበረዶ ተነሥቶ ሻይ የሚያፈላ ሰው ቀዝቃዛ የምንጭ ውሃ ቀድቶ ከሚያፈላው ሁለት እጥፍ የሚጠጋ ነዳጅ ያወጣል። በዚህ ላይ ከፍታ ሲጨመርበት ሌላ ችግር ይመጣል፤ የአየር ግፊት በቀነሰ ቁጥር ውሃ የሚፈላበት የሙቀት መጠን እየወረደ ስለሚሄድ፣ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በአዲስ አበባ በ92 ዲግሪ ገደማ፣ በራስ ዳሸን ጫፍ በ85 ገደማ፣ በኤቨረስት ተራራ 8,500 ሜትር ላይ ደግሞ በ72 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። እዚያ ከፍታ ላይ ውሃው እየተንፈቀፈቀ እንኳ የሻይ ቅጠሉ ጣዕሙን እንደሚገባ አይለቅም።

እንጨት በሚገኝበት አገር የመንገደኛ እሳት ያን ያህል አሳሳቢ ሆኖ አያውቅም። የሲራራ ነጋዴ በሰፈረበት ቦታ ሦስት ድንጋይ ጎልቶ፣ ጭራሮ ለቅሞ፣ የሚፈልገውን ያፈላ ነበር፤ ምድጃውን ትቶት ሲሄድም የሚቀረው ዐመድና ጉልቻ ብቻ ነው። ችግሩ የሚጀምረው ዛፍ ከማይበቅልበት ከፍታ በላይ፣ በዋልታ በረዶ ላይ፣ በአሸዋ በረሓና በጦር ሜዳ ነው፤ በነዚህ ስፍራዎች ነዳጁም ምድጃውም ከተጓዡ ጋር መጓዝ ይኖርባቸዋል።

በዚህ ረገድ ቀደም ብለው ከሚጠቀሱት ሰዎች አንዱ በለንደን የሪፎርም ክለብ ዋና አብሳይ የነበረው ፈረንሳዊው አሌክሲ ስዋዬ ነው። ስዋዬ በ1849 በሚነድ አልኮል የምትሠራ፣ ገበታ ላይ የምትቀመጥ ትንሽ ምድጃ ለገበያ ያቀረበ ሲሆን፣ በ1855 ወደ ክሬሚያ ጦርነት ሄዶ በጥቂት እንጨት ብዙ ወታደር የሚያስተናግድ፣ እሳቱ በብረት በርሜል ውስጥ የተከለለ የሜዳ ምድጃ አስተዋወቀ። የብሪታንያ ጦር ይህን ምድጃ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ድረስ ሲገለገልበት ኖሯል። ሆኖም የስዋዬ ሥራ ለሠራዊት እንጂ ለሁለትና ለሦስት መንገደኞች የሚሆን አልነበረም፤ የአልኮል ምድጃውም ነበልባሉ ደካማ ስለሆነ በረዶ ለማቅለጥ ብዙ ነዳጅ ይፈልግ ነበር።

የአልኮል ምድጃ ድክመት በግልጽ የታየው ኖርዌያዊው ፍሪትዮፍ ናንሰን በ1888 ከአምስት ባልደረቦቹ ጋር ግሪንላንድን ባቋረጠ ጊዜ ነው። ስድስቱ ሰዎች ተንሸራታቾቻቸውን እየጎተቱ ቀኑን ሙሉ ሲያልባቸው ይውላሉ፤ የሚጠጣ ውሃ ግን በሚበቃ መጠን ማግኘት አልቻሉም፤ የያዙት አልኮል ጥዋትና ማታ ብቻ የሚበቃ በመሆኑ፣ በጠፍጣፋ ዕቃ በረዶ ሞልተው ከልብሳቸው ሥር ደረታቸው ላይ እያስቀመጡ በገላቸው ሙቀት ያቀልጡ ነበር። ናንሰን ለቀጣዩ ጉዞው ዕቃ ሲመርጥ ይህን ጥም አልረሳውም።

መፍትሔው የመጣው ከስዊድን ነው። በስቶክሆልም ወተትን ከቅባቱ የሚለዩ መሣሪያዎችን በሚሠራው በሴፓራቶር ፋብሪካ የብረት ቆራጭ ሠራተኛ የነበረው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት፣ በ1892 ጥላሸት የማያወጣ የላምባ ምድጃ ሠርቶ ከዮሃን ቪክቶር ስቬንሶን ጋር ማምረት ጀመረ። በርንት ኦገስት ዮርት የተባለ ነጋዴ ደግሞ «ፕሪመስ» በሚለው ስም በዓለም ዙሪያ አሰራጨው። ከዚያ በፊት የነበሩት የላምባ ምድጃዎች እንደ ፋኖስ በክር የሚነዱ ስለነበሩ ነበልባላቸው ቢጫ፣ ጢሳቸው ብዙ ነበር፤ የድስቱን ቂጥም ጥቀርሻ ያለብሱት ነበር። የሊንድክቪስት ምድጃ ክር የለውም። ከታች የነሐስ ታንክ አለ፤ በታንኩ ጎን ትንሽ የእጅ ፓምፕ ተገጥሞለታል፤ ከታንኩ መካከል ወደ ላይ የሚወጣው ቱቦ በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ከነበልባሉ አጠገብ ያልፋል። ተጠቃሚው በቱቦው ሥር ባለችው ጎድጓዳ ሳሕን ጥቂት አልኮል ጨምሮ ይለኩሳል፤ ቱቦው ሲግል ፓምፑን ይነፋል፤ በግፊት ወደ ላይ የሚገፋው ላምባ በጋለው ቱቦ ውስጥ ተንኖ፣ ከመርፌ ጫፍ በምታንስ ቀዳዳ እየተፈተለከ ከአየር ጋር ይቀላቀልና ሰማያዊ ነበልባል ይሆናል። ነበልባሉ አንዴ ከተያያዘ በኋላ ቱቦውን ራሱ እያጋለው ስለሚቀጥል ሌላ አልኮል አያስፈልግም፤ የሚያሰማው የማያቋርጥ ጉርምርምታም የእንፋሎቱ ፍጥነት ድምፅ ነው። ይህን ሥርዓት ያልጠበቀ፣ ቱቦው ሳይግል የነፋ ሰው ግን ያልተነነ ላምባ ይፈስበትና እሳቱ እስከ ድንኳኑ ጣሪያ ይንበለበልበታል፤ ስለዚህ ዕቃው ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር።

ናንሰን በ1893 «ፍራም» በተሰኘችው መርከቡ ወደ ሰሜን ዋልታ ሲያቀና ይህን አዲስ ምድጃ ይዞ ሄደ፤ በመጋቢት 1895 መርከቡን ትቶ ከያልማር ዮሃንሰን ጋር በውሾች በሚጎተቱ ተንሸራታቾች ወደ ሰሜን ሲገሠግሥ፣ ምድጃውን በራሱ ባሰናዳው ባለ ብዙ ሽፋን ድስት ውስጥ አስገባው። የድስቱ አሠራር ቀላልና ብልኅ ነው፤ በመካከል የሚፈላው ድስት ይቀመጣል፤ ዙሪያውን ቀለበት መሰል ሌላ ዕቃ ይከበዋል፤ በላዩም በረዶ የሚሞላበት ጠፍጣፋ ዕቃ ይደረባል፤ ከነበልባሉ የሚያመልጠው ትኩስ አየር በውጭው መሸፈኛ ምክንያት እነዚህን ሁሉ ሳይነካ መውጫ ስለማያገኝ፣ አንዱ ሲፈላ ሌላው ይቀልጣል። ናንሰን እንደ ጻፈው 20 ሊትር ያህል ላምባ ለሁለቱ ሰዎች 120 ቀን በቀን ሁለት ጊዜ ትኩስ ምግብና እንደ ልብ የሚጠጣ ውሃ አበርክቶላቸዋል። ከሰባት ዓመት በፊት በረዶ በደረቱ ያቀልጥ ለነበረ ሰው ይህ ታላቅ ለውጥ ነው። ሁለቱ ተጓዦች ያን ጊዜ ማንም ሰው ደርሶበት የማያውቀውን 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ሰሜን ኬክሮስ መርገጥ የቻሉትም ከክብደቱ አንጻር ብዙ ሙቀት የሚሰጥ ነዳጅ ስለያዙ ጭምር ነው።

ምድጃው ምን ያህል ጠንካራ እንደ ነበረ የሚመሰክር አንድ አሳዛኝ ማስረጃ አለ። ስዊድናዊው ሳሎሞን ኦገስት አንድሬ ከኒልስ ስትሪንድበርግና ከክኑት ፍሬንከል ጋር ሐምሌ 11 ቀን 1897 ከስቫልባርድ በፊኛ ወደ ሰሜን ዋልታ ተነሥተው ጠፉ፤ ለ33 ዓመታት መጨረሻቸው ሳይታወቅ ቆይቶ በ1930 አስከሬናቸውና ጓዛቸው ክቪቶያ በምትባለው በበረዶ በተሸፈነች ደሴት ላይ ተገኘ። ከጓዛቸው መካከል የነበረው ፕሪመስ ምድጃ በታንኩ ውስጥ ገና ላምባ ነበረው፤ ፓምፑ ሲነፋም ነዳጁን እየረጨ ሠራ። ስለ ሰዎቹ አሟሟት ከቀረቡት መላ ምቶች አንዱ፣ በተዘጋ ድንኳን ውስጥ ከሚነድ ምድጃ የሚወጣው፣ ሽታም ቀለምም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ገድሏቸዋል የሚል ነው። መላ ምቱ ባይረጋገጥም አደጋው እውነተኛ ነው፤ በኢትዮጵያም በተዘጋ ቤት ውስጥ የተቀጣጠለ ከሰል ይዞ መተኛት የሚያስከትለው ሞት ከዚህ የተለየ አይደለም።

በደቡብ ዋልታ ውድድር ደግሞ የነዳጁ አያያዝ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሆነ። ሮአልድ አሙንድሰን ታኅሣሥ 14 ቀን 1911 ዋልታው ላይ የደረሰው የላምባ ጣሳዎቹን አፍ በብየዳ አሳሽጎ ነው፤ ሮበርት ፋልከን ስኮት ግን በመንገድ ላይ አስቀምጧቸው የሄደው ጣሳዎች ክዳን በቆዳ ማሸጊያ የተዘጋ ነበር። ቆዳው በብርድ ሲደርቅና ሲኮማተር ላምባው ቀስ በቀስ እየሾለከ ተነነ፤ ጥር 17 ቀን 1912 ዋልታው ላይ ደርሶ፣ ተቀድሞ መገኘቱን ተረድቶ ሲመለስ ስኮት በየማከማቻው ያገኘው ነዳጅ ከጠበቀው በታች ሆነ። በመጨረሻው ማስታወሻው ላይ፣ እሱንና ባልደረቦቹን ከቀጣዩ ማከማቻ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀራቸው የበረዶ ማዕበል ባገታቸው ጊዜ የቀራቸው ነዳጅ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ኩባያ ሻይ ብቻ ለማፍላት የሚበቃ እንደ ነበረ መዝግቧል። አንድ መኮንን ሊሞት ሲቃረብ የቀረውን ነዳጅ በሻይ ኩባያ መስፈሩ፣ በዚያ በረዶ ላይ መጠጥ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ከማንኛውም ትንታኔ በላይ ያስረዳል።

ከአራት ዓመት በኋላ፣ በ1916፣ ኧርነስት ሻክልተን ከአምስት ሰዎች ጋር ሰባት ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ጀልባ ከኤሌፋንት ደሴት እስከ ሳውዝ ጆርጂያ 1,300 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ የዚያው ምድጃ አገልግሎት በባሕር ላይ ተፈተነ። ጀልባዋ ከማዕበል ማዕበል ስትወረወር ምድጃውን የሚያስቀምጡበት ጠፍጣፋ ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው፣ ጀርባቸውን በጀልባዋ ጎኖች ላይ አስደግፈው፣ ምድጃውን በእግሮቻቸው መካከል ወጥረው ይይዙታል፤ ምግብ የማብሰሉ ኃላፊነት የቶም ክሪን ነበረና ማዕበሉ ሲያናውጣቸው ድስቱ እንዳይደፋ ከነበልባሉ ላይ ብድግ እያደረገ፣ ጀልባዋ ስትረጋ መልሶ ይጥደው ነበር። ሌሊት ሌሊት በየተራው ለሚጠብቁት ከዱቄት ወተት የተዘጋጀ ትኩስ ወተት ይታደላቸዋል። የጀልባዋ መሪ ፍራንክ ዎርስሊ እንደ ጻፈው፣ ሻክልተን ከሰዎቹ አንዱ በብርድ መዳከሙን ሲያስተውል ለዚያ ሰው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ትኩስ መጠጥ እንዲቀርብ ያዝዛል፤ ይህንም የሚያደርገው የደከመው ሰው ስለ ራሱ ሥጋት እንዳይገባው ነው። በዋልታ ታሪክ ውስጥ የአለቃን ርኅራኄ እንዲህ በጥበብ የገለጠ ተግባር ማግኘት ያስቸግራል።

ሁሉም መፍትሔ በላምባ ላይ የቆመ አልነበረም። በአየርላንድ ማዮ ግዛት፣ ሎክ ኮን በተባለው ሐይቅ ዳርቻ፣ የኬሊ ቤተሰብ ከ1890ዎቹ ጀምሮ ለዓሣ አጥማጆች የሠራው ማንቆርቆሪያ መካከሉ እንደ ጭስ ማውጫ ክፍት ነው፤ ውሃው በሁለቱ ግድግዳዎች መካከል ይሞላል፤ ከሥሩ ጭራሮ ወይም ደረቅ ሣር ሲነድ እሳቱ በመካከሉ ወደ ላይ እየተሳበ ውሃውን ከውስጥ ያፈላዋል፤ ነፋስ ቢነፍስ እሳቱን ያበረታዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህንኑ አሠራር የተከተለውን ሌላ ማንቆርቆሪያ ጆን አሽሊ ሃርት በኒው ዚላንድ በ1929 አስመዘገበ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የኒው ዚላንድ ወታደሮች ወደ ሰሜን አፍሪካ በረሓ ይዘውት ስለ ሄዱ «የቤንጋዚ ማፍያ» የሚል ስም ወጣለት። እንዲህ ያለ ዕቃ ያልደረሳቸው የብሪታንያ ወታደሮች ደግሞ ባዶ የቤንዚን ቆርቆሮ ለሁለት ቆርጠው፣ አንዱን ግማሽ አሸዋ ሞልተው ቤንዚን እያፈሰሱበት ይለኩሱታል፤ በሌላው ግማሽ ሻይ ያፈላሉ። ስስ የሆነው የእንግሊዝ ቆርቆሮ ነዳጅ ማፍሰሱ የታወቀ ስለነበረ፣ ከጀርመኖች የተማረከው ባለ 20 ሊትር ጠንካራ ዕቃ ተወዳጅ ሆነና ተባባሪዎቹ አስመስለው ሠሩት፤ ዛሬ በኢትዮጵያ ከቤት ቤት ውሃ የሚቀዳበት ጀሪካን ስሙን የወረሰው ከዚሁ ዕቃ ነው። ከጦርነቱ ማብቂያ ጀምሮ በብሪታንያ ታንኮች ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የውሃ ማፍያ እንዲገጠም መደረጉም፣ ሠራተኞቹ ለሻይ ሲሉ ከታንኩ እየወረዱ ራሳቸውን ለጥይት እንዳያጋልጡ ታስቦ ነው።

አሜሪካውያን በተመሳሳይ ወቅት የመረጡት ቤንዚን ነው። የኮልማን ኩባንያ በ1942 የጦሩን ጥያቄ ተቀብሎ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የነደፋት፣ ከብርቱ ብርድ እስከ በረሓ ሐሩር የምትሠራ ትንሽ ምድጃ በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ሰሜን አፍሪካ ላይ ካረፉት ወታደሮች ጋር ደረሰች፤ የጦር ዘጋቢው ኧርኒ ፓይልም አሞግሶ ጻፈላት። ከስዊዘርላንድ በ1938 ለገበያ የወጣው፣ ሳይፈላ በሙቅ ውሃ ብቻ የሚበጠበጠው የዱቄት ቡና በወታደሩ ስንቅ ውስጥ መግባቱ ደግሞ ምድጃዋን የበለጠ ጠቃሚ አደረጋት፤ ጀበና ወይም ማጥለያ የማያስፈልገው ወታደር አንድ ኩባያ ውሃ ከፈላለት ቡናው ተዘጋጀ ማለት ነው። ለቡና ጣዕም ለሚጨነቅ ሰው ይህ ውድቀት ሊመስል ይችላል፤ በጉድጓድ ውስጥ ለሚያድር ሰው ግን የሙቀቱ ነገር ከጣዕሙ ይቀድማል።

የምድጃና የመጠጥ ትስስር በሳይንስ የተረጋገጠው በኤቨረስት ተራራ ላይ ነው። ግንቦት 1952 ስዊዘርላንዳዊው ሬይሞን ላምበርና ሸርፓው ቴንዚንግ ኖርጌይ 8,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ምድጃ አደሩ፤ ሌሊቱን ሙሉ በሻማ እሳት በባዶ ጣሳ ውስጥ ጥቂት በረዶ ለማቅለጥ ሲታገሉ ነጋባቸው፤ በማግስቱም ጥቂት ከፍታ ጨምረው ኃይላቸው ተሟጦ ተመለሱ። በዚያው ዓመት ቾ ኦዩ በተባለው ተራራ ላይ ምርምር ያደረገው የብሪታንያ የአካል ሥርዓት ተመራማሪ ግሪፊዝ ፑ፣ ከፍተኛ ተራራ የሚወጡ ሰዎች በፍጥነት ስለሚተነፍሱና አየሩ ደረቅ ስለሆነ ብዙ ፈሳሽ እንደሚያጡ፣ ለድካማቸው አንዱ ዋና ምክንያትም የሚጠጡት ማነሱ እንደሆነ ደረሰበት። እያንዳንዱ ሰው በቀን 3 ሊትር ገደማ እንዲጠጣ መከረ፤ ምድጃዎቹም ለዚህ በሚበቃ ኃይል እንዲዘጋጁ አደረገ። በ1953 ኤድመንድ ሂላሪና ያው ቴንዚንግ 8,500 ሜትር ላይ በተተከለችው የመጨረሻ ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ ምድጃ ነበራቸው፤ ስኳር በብዛት የገባበት ትኩስ የሎሚ መጠጥ እየደጋገሙ ጠጡ፤ ሲነጋም እንደ ድንጋይ የደረቀውን የሂላሪን ጫማ በዚያው ነበልባል ላይ እስኪለሰልስ አሞቁት። ግንቦት 29 ቀን ጫፉ ላይ ደረሱ። ስለዚህ ድል ሲነገር ኦክስጅኑና ገመዱ ይወሳሉ፤ ምድጃው ግን የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም።

የፑ ግኝት ከሃያ ዓመት በኋላ በአሜሪካ ሌላ ፍሬ አፈራ። በ1969 በሲያትል ከተማ የተራራ መሣሪያዎች ኩባንያ ያቋቋመው መሐንዲስ ላሪ ፔንበርዚ፣ ተራራ ወጪዎች የሚታመሙት በቂ ስለማይጠጡ፣ በቂ የማይጠጡትም ምድጃቸው በረዶ ለማቅለጥ ስለሚዘገይ ነው ብሎ በማመን፣ በ1973 የነዳጅ ጠርሙሱ ራሱ ታንክ የሆነለት፣ በቱቦ ከማንደጃው የሚገናኝ ኃይለኛ ምድጃ አወጣ። የከፍታ ሕመም መንስኤን በተመለከተ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ ባይጸናም፣ ጠርሙሱን ከነበልባሉ ማራቁ ዛሬም ድረስ የሚሠራበት ንድፍ ሆኖ ቀርቷል።

በመዝናኛ ተጓዦች ዘንድ የበላይነቱን የያዘው ግን ጋዝ ነው። በፈረንሳይ ከ1949 ጀምሮ በትንንሽ ጣሳ የታሸገ ቡቴን መሸጡ ፓምፕ መንፋትንና ቱቦ ማጋልን አስቀረ፤ ይሁን እንጂ ቡቴን ወደ እንፋሎት የሚለወጠው ከዜሮ ዲግሪ አካባቢ በላይ በመሆኑ በብርድ ይተኛል፤ ስለዚህ የዛሬዎቹ ጣሳዎች እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች የሚተነው ፕሮፔን ይቀላቀልባቸዋል። በስዊድን ትራንግስቪከን በ1925 የተቋቋመው ትራንጊያ ኩባንያ ደግሞ በ1951 ነፋስ የሚከልል መከታ ያለው የአልኮል ምድጃ አውጥቶ፣ የማይሰበርና ድምፅ የሌለው ዕቃ ለሚመርጡ ሰዎች እስከ አሁን ያቀርባል። በ2004 የወጣው የጄትቦይል ማፍያ በድስቱ ሥር በተገጠመ እጥፋት ባለው የብረት ቀለበት አማካይነት የሚያመልጠውን ሙቀት ይሰበስባል፤ ይህም ናንሰን በድስቱ ዙሪያ በደረበው ዕቃ ለማግኘት የሞከረው ያው ጥቅም ነው።

የቡናው ዕቃ በዚህ ሁሉ መካከል የየራሱን መንገድ ሄዷል፤ አልፎንሶ ቢያሌቲ በ1933 በጣሊያን ያወጣው፣ በእንፋሎት ግፊት የሚያጠልለው የአሉሚኒየም ሞካ በነዚህ ምድጃዎች ላይ ሲጣድ፣ አላን አድለር በ2005 በካሊፎርኒያ ያወጣው የፕላስቲክ መጭመቂያ ደግሞ የፈላ ውሃ ብቻ ይፈልጋል። ከሁሉም ረጅም ዕድሜ ያሳየው ግን የነሐሱ ምድጃ ነው። ከመቶ ዓመት በፊት የተሠራ ፕሪመስ ብዙውን ጊዜ የሚቆመው የፓምፑ ቆዳ ስለሚደርቅ ነው፤ ቆዳው በዘይት ተነክሮ ዳርቻው በጣት ሲለጠጥ፣ የተደፈነችውም ቀዳዳ በቀጭን መርፌ ስትጠረግ ምድጃው ሥራውን ይቀጥላል፤ ቆዳው ካረጀ ከማንኛውም ወፍራም ቆዳ ሌላ መቁረጥ ይቻላል። የጋዝ ጣሳ ግን ባዶ ከሆነ በኋላ በአብዛኛው የማይሞላ ስለሆነ፣ ተጠቃሚው ከተራራው ላይ ተሸክሞ ማውረድና ለብረት ሰብሳቢ ማስረከብ ይጠበቅበታል።